ብርቱካኔ አልተራበችም ነበር

በሙያዬ ኦዲተር ነኝ። የሰው ሒሳብ ሳገላብጥ ጉድለቱን የምፈልገው ከመጨረሻው ድምር ላይ ሳይሆን ከመጀመሪያው ደረሰኝ ላይ ነው። በግቢዬ ያለችውን ብርቱካን ግን ለስድስት ወራት ያህል በተገላቢጦሽ ያዝኳት። ቅጠሏን እያየሁ ለቅጠሏ መድኃኒት እፈልግ ነበር፤ ሥሯ ያለበትን አፈር አንድም ቀን በእጄ አልነካሁም።

ችግኟን የገዛሁት በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። የተዳቀለች ናት፣ ማለትም በሌላ ዛፍ ግንድ ላይ የተቀጠለች ናት፣ ተብላ ተሸጠችልኝ። ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ቆማ ቅጠሏ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጭ ነበር። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ነው። ይህን አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል። ቤቱ ሲሠራ ግቢው ከፍ እንዲል ገረጋንቲ ተደፋበት፤ የተረፈው ሲሚንቶና የተሰባበረው ብሎኬት እዚያው ተቀበረ፤ ከላይ ስስ አፈር ለበሰና ግቢ ተባለ። ይህ ሁሉ የገባኝ ኋላ ነው። ያኔ የታየኝ ከማድ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ነበር። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን የሚያወርደው እዚያ ነው፤ «ውሃ ሳይጠማት ታድጋለች» ብዬ ደስ አለኝ።

60 በ60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ከጎረቤት በረት ትኩስ ፍግ አስመጥቼ ከታች ሞላሁበት። የችግኟ አፈር እንዳይበተን በሚል የላስቲኩን ቂጥ ብቻ ቀድጄ ጎኑን ተውኩት። ነፋስ እንዳይጥላት ደግሞ አፈሩን ቆልዬ ቆልዬ፣ የተዳቀለችበት ጠባሳ እስኪሸፈን ድረስ ግንዷን ቀበርኩት። ቦታው፣ ፍጉ፣ ላስቲኩ፣ ጥልቀቱ፣ ከሥር ያለው ገረጋንቲ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ አምስት ስህተት ሠራሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ የአንድን ሰው እንጀራ የሚያሳጣ ሪፖርት ይወጣው ነበር።

ክረምቱ ገባ። ባሕር ዳር ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛውን የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ የሚያርፍበት ቀን ጥቂት ነው። የማድ ቤቱ ጣሪያ ውሃ ሁሉ በብርቱካኗ እግር ላይ ይወርድ ነበር። በሐምሌ መጨረሻ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። በነሐሴ ቢጫ ሳይሆኑ፣ አረንጓዴ እንዳሉ ይረግፉ ጀመር። በመስከረም አደይ አበባው ሜዳውን ሲሞላ የእኔ ዛፍ እንደ ተላጨ ራስ ሆና ቀረች፤ የቆጠርኳቸው ቅጠሎች 17 ነበሩ።

ከዚያ የሕክምናው ዘመን መጣ። አንዷ ጎረቤቴ አተላ ይዛ መጣች፤ አንዱ አመድ ንስንሱበት አለ። እኔ ራሴ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ። «ቢጫ ቅጠል ማለት ምግብ ማጣት ነው» የሚል ነገር የሆነ ቦታ አንብቤ ስለነበር አንድ እፍኝ ሙሉ ዩሪያ ግንዷ ሥር በተንኩና ውሃ ለቀቅሁበት። በሳምንቱ የቀሩት ቅጠሎች ጫፋቸው እሳት የላሰው መሰለ። ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ጠምቷት ይሆናል ብዬ በየቀኑ ማታ ማታ ውሃ አጠጣት ጀመር። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ «ይቺን ዛፍ እየገደልሻት ያለሽው በደግነትሽ ነው» ሲለኝ ተቆጥቼው ነበር። እውነቱን ነበር፤ ግን እሱም በግምት እንጂ አውቆ አልነበረም የተናገረው፤ ስለዚህ ምስጋናውን በግማሽ ነው የምሰጠው።

ለኅዳር ጽዮን አክስቴ ከዘጌ መጣች። ዘጌን ለማያውቅ፦ ከባሕር ዳር በጀልባ ጣናን ተሻግረው የሚደርሱበት፣ ገዳማት ያሉበት ደን ለበስ ባሕረ ገብ መሬት ነው። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ ሰዉ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። አክስቴ ስልሳ ዓመት ሙሉ ከሎሚ ዛፍ ሥር የኖረች ሴት ናት። ቡና እስኪፈላ ወደ ጓሮ ወጣች። ቅጠሉን አላየችም። ነጠላዋን ወደ ኋላ አድርጋ ቁጢጥ አለችና በሁለት ጣቷ የግንዱን ዙሪያ ጫረች። ጫረች፣ ጫረች፤ ጣቷ እስከ ግማሽ ገባ፣ ሥር ግን አላገኘችም። ከዚያ ከጉድጓዱ ጭቃ ቆንጥራ አሸተተችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አሽትቺው እስቲ፣ ልጄ።»

የረጋ ውሃ፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል።

«ምን ትሰጫታለሽ?» አለችኝ። ዩሪያውን፣ አተላውን፣ የየቀኑን ውሃ በተራ ነገርኳት። እየሳቀች ሰማችኝ።

«እትዬ፣ ምን ይሻላል?» አልኳት።

«ይቺ ዛፍ አልተራበችም፤ ታንቃ ነው። አንቺ የታነቀ ሰው አፍ ውስጥ እንጀራ ትከቻለሽ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥር ይተነፍሳል። አፈሩ ውስጥ ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ሲሞላ አየር ያጣል፤ ያጣ ሥር ይሞታል፤ የሞተ ሥር ደግሞ በውሃ ውስጥ ተዘፍቆም ቢሆን ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ከላይ ሲታይ ዛፉ የተጠማ ይመስላል፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይገረጣል፣ ይረግፋል። ባለቤቱ አይቶ ያጠጣል። ባጠጣ ቁጥር ያባብሰዋል። በላዩ ላይ ማዳበሪያ ሲጨመር ጨውነቱ የቀረውን ጤነኛ ሥር ያቃጥለዋል። በዚህ ረገድ ብርቱካን፣ ሎሚና መንደሪን ከብዙ ዛፍ ይልቅ ስስ ናቸው፤ እርጥብ መሬት ላይ ሥርና ግንድ የሚያበሰብስ ደዌ ቶሎ ይይዛቸዋል። ምልክቱ ከግንዱ ግርጌ ቅርፊቱ መጥቆሩና ሙጫ ማልቀሱ ነው።

አክስቴ ከሄደች በኋላ፣ ሙያ ነውና፣ ማስረጃ ፈለግሁ። ከዛፏ አንድ እርምጃ ርቄ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፈርኩና ውሃ ሞላሁት። ጤነኛ አፈር ቢሆን በሰዓታት ውስጥ ይመጠው ነበር። ጠዋት ሞልቼው የሄድኩት ውሃ ማታ ከሥራ ስመለስ እዚያው ተኝቶ ጠበቀኝ፤ ትንኝ ሰፍሮበታል። ያኔ ገባኝ፤ እኔ ችግኝ አልተከልኩም፣ ገረጋንቲውን ባልዲ አድርጌ ውስጡ ዛፍ ነከርኩ። የታመመች ዛፍ ያላችሁ ሰዎች ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ይህንን ሙከራ አድርጉ። ወጪው አንድ ባልዲ ውሃ ነው።

በታኅሣሥ የመጀመሪያው ሳምንት፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ዛፏን አወጣኋት። ይህ የሚቻለው ችግኙ ትንሽ ሳለ ነው፤ ሦስት አራት ዓመት የቆየ ዛፍ ከሆነ ማንሳቱ ራሱ ይገድለዋል፤ እሱን እዚያው ትቶ ግንዱን መግለጥና ውሃውን በቦይ ማስወጣት ይሻላል። ከዳር ጀምሬ በሰፊው ቆፍሬ ከነአፈሯ አነሳኋት። ያየሁትን አልረሳውም። የላስቲኩ ግድግዳ እንዳለ ነበር፤ ሥሮቹ ውስጡ እየዞሩ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ሆነዋል። ከታች በፍጉ ውስጥ የገቡት ጠቁረዋል። አንዱን በጣቴ ያዝ አድርጌ ስስበው ቆዳው እንደ ካልሲ ወለቀና ከውስጡ ቀጭን ክር ብቻ ቀረ። የሞተ ሥር የሚታወቀው በዚህ ነው። ሕያው ሥር ጠንካራ ነው፤ ሲቆርጡት ውስጡ ነጣ ብሎ ይታያል። ከሁሉም ሥሮቿ ሲሶ ያህሉ ሕያው ነበር ብል ነው።

መቀሱን በአልኮል ጠርጌ የሞተውን ሁሉ ቆረጥኩ፤ የተጠቀለለውን ፈትቼ ወደ ውጭ ዘረጋሁት፤ ላስቲኩን አውጥቼ ጣልኩት። ግንዷ ላይ፣ ከጠባሳው ዝቅ ብሎ፣ ሦስት ጣት የሚያህል ቅርፊት ጠቁሮ ሙጫ አውጥቶ ነበር። የሞተውን ቅርፊት ጤነኛው እስኪታይ በቢላዋ ጫፍ አነሳሁና እንዲደርቅ ተውኩት። እዚህ ላይ ዕድለኛ ነበርኩ፤ ጥቁሩ ግንዱን ዞሮ አልከበበውም። ለምን ዕድል እንደምለው ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከቅርንጫፎቿ የደረቁትን ብቻ ቆረጥኩ። አረንጓዴ የሆነውን ነገር ሁሉ፣ አንዲት ቅጠልም ብትሆን፣ አልነካሁም። ሥር ያጣ ዛፍ አዲስ ሥር የሚያበጅበት ስንቅ ያለው እዚያ ነው። ቅርንጫፉ መሞት አለመሞቱን ለማወቅ በጥፍር ጫር ማድረግ ይበቃል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ሕያው ነው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ አልፏል።

አዲሱ ቦታ ጉድጓድ አይደለም፤ ጉብታ ነው። ከአሸንዳው ርቆ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘውን ጥግ መረጥኩ። መሬቱን በዶማ አላልቼ ገረጋንቲውን በተቻለኝ መጠን ለቀምኩ። ጎረቤት ለግንባታ ከመራዊ በኩል ካስመጣው ቀይ አፈር 12 ጆንያ ገዛሁ፤ በእሱ ላይ ሦስት ጆንያ ዓመት ያለፈው ብስባሽ ቀላቀልኩ። ብስባሹ ፍግ መሆኑ እስኪረሳ ድረስ የበሰለ መሆን አለበት፤ በእጅ ሲይዙት የማይሞቅ፣ ሲያሸቱት የጫካ አፈር የሚሸት። ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉብታ ሠራሁና ብርቱካኗን አናቱ ላይ አስቀመጥኳት፤ የላይኛው ሥሯ ከአፈሩ ጫፍ እኩል፣ የተዳቀለችበት ጠባሳ ደግሞ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ። አፈሩ ሲረጋ ስለሚወርድ ከሚገባው በላይ ከፍ ቢል ጉዳት የለውም፤ ዝቅ ቢል ግን ታሪኩ ከመጀመሪያው ይደገማል። እንዳትወድቅ ቀብሮ ከማቆም ይልቅ ሁለት ችካል ተክዬ በጨርቅ አሰርኳት።

አንድ ጀሪካን ውሃ፣ 20 ሊትር፣ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ፤ አፈሩ ከሥሩ ጋር እንዲጣበቅ። ማዳበሪያ፣ ምንም። በምዕራብ በኩል የከሰዓቱን ፀሐይ የሚከልል ጆንያ ወጠርኩላት። በጉብታው ላይ የጤፍ ጭድ አለበስኩ፤ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር አራቅሁት፤ እርጥብ ጭድ ግንድ ላይ ከተጠጋ እንደገና ብስባሴ ይጠራል።

አሁን ደግሞ በጣም ልታለልበት ስለነበረው ነገር ላውጋችሁ፤ የእኛ አገር ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳትበት ይመስለኛል።

ጎጃም ውስጥ ስለ አፈር ሲነሳ መጀመሪያ የሚነገረው አሲዳማነት ነው። እንጅባራ፣ ባንጃ፣ በአጠቃላይ ዝናብ የሚበዛበት ደጋው መሬት አፈሩ ታጥቦ አሲዳማ ሆኗል፤ ገበሬው ኖራ እየበተነ ነው የሚያክመው፣ ውጤቱንም በዓይኑ አይቶታል። ስለዚህ የባለቤቴ ወንድም ከእንጅባራ መጥቶ ቢጫ ቅጠሎቼን ሲያይ አላመነታም፦ «እታለም፣ ኖራ ነው የሚያስፈልጋት፤ ግማሽ ጆንያ እልክልሻለሁ።» ለእሱ መሬት ትክክለኛ ምክር ነው። ኖራው ተልኮልኝም ነበር። ልበትነው ስል ኬሚስትሪ የሚያስተምር ጎረቤቴ «መጀመሪያ እንለካው» አለና ከድሮው ጉድጓድ አፈር ወስዶ በንጹሕ ውሃ በጥብጦ የአሲድ መለኪያ ወረቀት ነከረበት። ወረቀቱ 8 አካባቢ ካለው ቀለም ጋር ገጠመ፤ በዚህ መለኪያ 7 መሃል ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ ተቃራኒው። አሲድ ነው ያልነው አፈር ከአሲድ በተቃራኒው ወገን ተገኘ!

ሲሚንቶው ነበር። የተቀበረው የግንባታ ፍርስራሽ ራሱ ኖራ አዘል ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እየሟሟ አፈሩን ይለውጠዋል። ብርቱካን የምትወደው ትንሽ አሲድነት ያለው አፈር ነው፤ ከ5.5 እስከ 7 ባለው መካከል፤ 6 ወይም 6.5 አካባቢ ሲሆን ደግሞ ይስማማታል። ከዚያ በላይ ሲሆን አፈሩ ውስጥ ብረትም ዚንክም እያለ ሥሯ ሊያነሳው አይችልም። በኖራው ላይ ኖራ ብጨምርበት ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ማገዶ ነበር። የእንጅባራው አፈርና የባሕር ዳር ግቢ አፈር፣ ሁለቱም ጎጃም ቢሆኑም፣ የተለያዩ ሕመምተኞች ናቸው። ኖራው አሁንም ማድ ቤት ጥግ ተቀምጧል፤ አማቼ ሲመጣ እንዳያየው ጆንያ እደርብበታለሁ።

ከዚያ ያለው ወሬ አጭር ነው፤ ምንም አልሆነም። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ። እንዲያውም ከ17ቱ ቅጠሎች ስድስቱ ረገፉ። ከሁሉም የከበደኝ ይህ ጊዜ ነው፤ እጄ ሥራ ፈትቶ አንድ ነገር ልስጣት ይላል። የተፈቀደልኝ ውሃ ብቻ ነበር፤ እሱም በልክ። ጣቴን ጭዱን ገልጬ አፈሩ ውስጥ እሰዳለሁ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ደረቅ ከሆነ ግማሽ ጀሪካን፣ 10 ሊትር ያህል፤ እርጥብ ከሆነ ጠብታም የለም። በቀይ አፈሩ ጉብታ ላይ ይህ በአምስት በስድስት ቀን አንድ ጊዜ ሆነ። የእናንተ አፈር ሌላ ቀን ይነግራችኋል፤ የእኔን ቁጥር አትቅዱ፤ ጣታችሁን ተጠቀሙ። ቀኑን በደብተር እጽፈው ነበር። ባለቤቴ «የዛፍ ሒሳብ መዝገብ» እያለ ይስቃል።

የካቲት 9 ቀን ጠዋት ግንዷ ላይ አረንጓዴ ነጥብ አየሁ። በሳምንቱ እርሳስ የሚያክል ቡቃያ ሆነ፣ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ክንድ። ቡና አፍልቼ ጎረቤት ጠራሁ። ለአክስቴ ስደውል እንኳን ደስ አለሽ አላለችኝም።

«ከየት ነው የወጣው?»

«ከግንዷ ነዋ፣ እትዬ።»

«ከጠባሳው በላይ ነው በታች?»

ወጥቼ አየሁ። ከጠባሳው አራት ጣት ዝቅ ብሎ ነው።

የተዳቀለ ችግኝ ሁለት ዛፍ ነው። ከታች ያለው ለሥሩ ጥንካሬ የተመረጠ፣ ብዙ ጊዜ ኮምጣጣ ብርቱካን ወይም ሎሚ ነው፤ ከላይ ያለው ጣፋጩ ነው። የላይኛው ሲደክም የታችኛው ዕድል አገኘሁ ብሎ ያቆጠቁጣል፤ ካልተከለከለም ምግቡን ሁሉ ወስዶ የላይኛውን ይገድለዋል። ከዓመታት በኋላ «ብርቱካን ተክዬ ኮምጣጣ አፈራብኝ» የሚል ሰው ብታገኙ በደሉ እዚህ ላይ ነው የተፈጸመው። መለየት አይከብድም። የእኔው ቡቃያ እሾኹ ረዥም ነበር፤ ቅጠሉም ግርጌው ላይ ሌላ ትንሽ ቅጠል የተቀጠለበት የሚመስል ሰፊ ክንፍ ነበረው። የጣፋጩ ብርቱካን ክንፍ ጠባብ ነው። ቡቃያው ለጋ ሳለ በእጅ ወደ ታች ገንጥሎ መጣል ነው፤ በመቀስ ከተቆረጠ ከግርጌው እንደገና ያቆጠቁጣል። ገነጠልኩት። የጠራኋቸው ጎረቤቶች ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ ምን እንደ መለስኩ አላስታውስም፤ አፍሬ ነበር።

እውነተኛው ቡቃያ የመጣው በመጋቢት መጨረሻ ነው፤ ከጠባሳው በላይ፣ በሦስት ቦታ። ቅጠሉ ግን ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ። ልቤ ወደ ዩሪያው ሊሄድ ሲል ያዝኩት። ይህን ለማወቅ የፈጀብኝን ጊዜ ላሳጥርላችሁ። ቢጫው ከአሮጌዎቹ የታችኛ ቅጠሎች ጀምሮ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ካዳረሰ የናይትሮጅን እጥረት ነው፤ ዩሪያ የሚጠቅመው ያኔ ነው። በአሮጌው ቅጠል ላይ ቢጫው ከዳር መጥቶ ግርጌው ላይ እንደ ጦር ጫፍ ያለ አረንጓዴ ከተወ ማግኒዥየም ነው የጎደለው። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሲሆን ብረት፤ አዲሱ ቅጠል አንሶ፣ ጠብቦ፣ በደም ሥሮቹ መካከል ሲዥጎረጎር ዚንክ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ የሥር ችግር ናቸው፤ ወይ ሥሩ ረጥቧል፣ ወይ አፈሩ ኖራ በዝቶበታል። የእኔዋ ገና ሥር እያበጀች ነበር። ምንም አልሰጠኋትም። ሁለተኛው ዙር ቅጠል በሰኔ ሲወጣ በራሱ ጊዜ ለመለመ።

ስለ ተባይ በአጭሩ። ለጋ ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር ካያችሁ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ትል ነው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩት ከራሱ ላይ ቀንድ መሰል ነገር አውጥቶ ይከረፋል። ጥቁርና ቢጫ የሆነ ትልቅ ቢራቢሮ የምትፈለፍለው ነው። ሦስቱ ብቻ ሆነው አንድን ችግኝ በሁለት ቀን ይልጡታል። በእጅ መልቀም ይበቃል፤ ልጄ እያንዳንዱን በ50 ሳንቲም ሒሳብ ትለቅምልኝ ነበር፤ በኋላ ዋጋ ጨመረች። ቅጠል ላይ የቀንድ አውጣ መንገድ የሚመስል ብርማ መስመር ካያችሁ ቅጠሉ ውስጥ የሚሄድ ትንሽ ትል ነው፤ መልክ ያበላሻል እንጂ አይገድልም፤ ተውት፣ ቅጠሉንም አትቁረጡ። ቅጠሉ ጥላሸት ከለበሰ ደግሞ ጥላሸቱን ሳይሆን ጉንዳኑን ተከተሉ። ቅማል መሰል ነፍሳት የዛፉን ፈሳሽ ይመጥጣሉ፣ ጣፋጭ ጠብታ ይጥላሉ፤ ጉንዳኖቹ ለዚያ ጠብታ ሲሉ እንደ ከብት ይጠብቋቸዋል፤ ጥላሸቱ የሚያድገው በጠብታው ላይ ነው። ግንዱን በወፍራም ወረቀት ጠቅልዬ በወረቀቱ ላይ ግራሶ ቀባሁ፤ ግራሶ ቅርፊቱን በቀጥታ መንካት የለበትም። ነፍሳቱን በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጬ ማታ ማታ የቅጠሉን ሆድ እያገላበጥኩ አጠብኩ። በሁለት ሳምንት ጠሩ።

ማዳበሪያ የጀመርኩት በ2012 ሰኔ ነው፤ ሁለተኛው ቅጠል ወጥቶ ከጠነከረ በኋላ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ በወር አንድ ጊዜ፤ ከግንዱ ርቆ፣ የቅርንጫፉ ጥላ በሚያርፍበት ዙሪያ፣ በረጠበ አፈር ላይ፤ እስከ መስከረም ድረስ። ከመጀመሪያው እፍኝ ጋር አስተያዩት።

ዕድል ያልኩትን ልንገራችሁ። በ2011 ሰኔ ከብርቱካኗ ጋር አንዲት መንደሪንም ገዝቼ በተመሳሳይ ሁኔታ ተክዬ ነበር። እሷንም በዚያው የታኅሣሥ ሳምንት አወጣኋት፣ ያንኑ አደረግሁላት፣ ያንኑ አፈር ሰጠኋት። በእሷ ግን ጥቁሩ ቅርፊት ግንዱን ሙሉ በሙሉ ዞሮት ነበር። እሱን እያየሁ አምስት ወር ደከምኩባት፤ በግንቦት ነቀልኳት። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከሞተ ከላይ የተሠራው ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርድበት መንገድ ተዘግቷል፤ ከላይ ጥቂት ጊዜ ለምልሞ ቢታይም ያለው ስንቅ እስኪያልቅ ነው። እንዲህ ያለ ካጋጠማችሁ አትድከሙ፤ ንቀሉት፤ በዚያው ጉድጓድም ሌላ ብርቱካን ወይም ሎሚ አትትከሉ።

በ2013 ብርቱካኗ አበበች፤ ግቢው ሁሉ ሸተተ። የጎመን ዘር የሚያክሉ ፍሬዎች ሲቋጠሩ አክስቴ በስልክ «አራግፊው» አለችኝ። ልጄ አለቀሰች፤ እኔም ለማልቀስ ትንሽ ነው የቀረኝ፤ ግን ከበሽታ የተነሳ ሰው ሸክም አይሸከምም። አንድም ሳላስቀር አራገፍኩ። በ2014 አራት ተውኩላት። ያቺ ዛፍ አሁን ከእኔ ትበልጣለች። በድሮው ጉድጓድ፣ አሸንዳው ሥር፣ ሙዝ ተክያለሁ፤ ውሃ እንደ ልብ ስለሚያገኝ ግንዱ ደንድኗል።

አክስቴ በ2015 ጥር ለምርመራ መጥታ ነበር። ሁለት ብርቱካን ቆርጬ በሰሃን አቀረብኩላት። አንዱን ልጣ ከመቅመስ በፊት በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ጭዱን ገለል አድርጋ ቁጢጥ አለችና በሁለት ጣቷ የግንዱን ዙሪያ ጫረች። የመጀመሪያውን ሥር አንድ አንጓ ሳትገባ አገኘችው። ከዚያ ቁጭ ብላ ብርቱካኑን መላጥ ጀመረች።